«ሞኖፖሊያችን አያልቅም»፦ የጨዋታ ምሽት ጥያቄዎች ከጎንደር

ክረምቱ ሰውን በጊዜ ወደ ቤቱ ሲያስገባው፣ ከጎንደር የሚደርሱን ደብዳቤዎች ወደ አንድ ጉዳይ አዘንብለዋል፤ ጓደኛ ጠርቶ በሰሌዳ ጨዋታ ማምሸት። ከመጡት ውስጥ ስድስቱን መርጠን መልሰናል።

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ አምስት ጓደኛሞች ነን። ቅዳሜ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሞኖፖሊ ጀምረን እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት አያልቅም። አንዱ ያንቀላፋል፣ አንዱ «ባጃጅ ሳይጠፋ ልሂድ» ይላል። ጥፋቱ የጨዋታው ነው የእኛ?

መልስ፦ ይቅርታ ይደረግልንና የእናንተ ነው። ሞኖፖሊ የሚያልቀው ሰው ሲከስር ነው፤ የወጣው ገንዘብ ዞሮ ወደ ተጫዋቹ ኪስ ከተመለሰ ግን የሚከስር አይገኝም። በብዙ ቤት ግብሩና ቅጣቱ ሰሌዳው መሐል ይጠራቀምና «ነጻ ማቆሚያ» ላይ የወረደ ሰው ያፍሰዋል። ይህ በደንቡ ላይ የለም። ነጻ ማቆሚያ ማረፊያ ብቻ ነው፤ ግብሩም ቅጣቱም ለባንክ ይገባል።

ሌላው ተዘልሎ የሚታለፈው ጨረታው ነው። አንድ ሰው የወረደበትን ቦታ አልገዛም ካለ ባንኩ እዚያው ለጨረታ ያወጣዋል፤ አልገዛም ያለው ራሱም መጫረት ይችላል። ጨረታ ከሌለ ቦታው ባለቤት ሳያገኝ አራት አምስት ዙር ያልፋል፤ ባለቤት የሌለው ቦታ ደግሞ ኪራይ አያስከፍልም። ከዚያ ይሉኝታ ይመጣል፤ «እንካ፣ ይችን ያህል ላበድርህ» ይባላል። ተጫዋች ለተጫዋች ማበደር በደንቡ ክልክል ነው፤ የሚያበድረው ባንኩ ብቻ ሲሆን እሱም ቦታ በመያዣ ይዞ ነው።

ቤቶቹንም ቁጠሩ። በሳጥኑ ውስጥ 32 ቤትና 12 ሆቴል አለ፤ ካለቀ አለቀ ነው፣ በሳንቲም አይተካም። ሆን ብሎ በየቦታው አራት አራት ቤት ሠርቶ ወደ ሆቴል አለማሳደግ ሌላውን ቤት ያሳጣዋል። ክፋት ይመስላል እንጂ የተፈቀደ ስልት ነው።

ይህም ሆኖ ባጃጅ አይጠብቅምና ማብቂያውን አስቀድማችሁ ቁረጡ፤ ለምሳሌ ከምሽቱ 3 ሰዓት። ሰዓቱ ሲደርስ የያዘውን ዙር ጨርሱና ሒሳብ ሥሩ፤ ጥሬ ገንዘብ፣ ቦታው በተጻፈበት ዋጋ፣ በመያዣ ያለው በግማሽ ዋጋ፣ ቤትና ሆቴል በተገዙበት። ብዙ ያለው አሸነፈ።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ በሉዶ 6 እስኪወጣለት ሩብ ሰዓት ተቀምጦ የሚያይ እንግዳ ሁልጊዜ ይኖራል። ዳይሱ ላይ ችግር ይኖር ይሆን?

መልስ፦ ዳይሱ ደህና ነው። አንድ ሰው በሦስት ውርወራ አንድም 6 ሳያገኝ የሚቀርበት ዕድል ከ100 ወደ 58 ይጠጋል፤ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። አራት ተጫዋቾች ሁሉም በሦስተኛው ዙር ወጥተው የሚገኙበት ዕድል ደግሞ ከ100 3 ያህል ቢሆን ነው። ስለዚህ የሚቀመጥ እንግዳ መኖሩ አይቀርም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ሰው አንድ ጠጠሩን መነሻው ላይ አውጥቶ ይጀምር፣ ለቀሩት ሦስቱ 6 ይጠብቅ።

ጥያቄ (ከአራዳ)፦ አያቴ ገበጣ የሚጫወቱት በሦስት ረድፍ ነው፤ ጓደኞቼ ግን ሁለት ረድፍ ነው ይላሉ። ማን ነው ትክክል? ደግሞስ የገበጣ እንጨት ከየት ይገኛል?

መልስ፦ ሁለቱም። በአገራችን ባለ ሁለት ረድፍም ባለ ሦስት ረድፍም ገበጣ አለ። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ከየአካባቢው ብዙ ዓይነት አጨዋወት መዝግበዋል። ጠብ የሚነሳው ሁሉም ያደገበትን ብቸኛው አድርጎ ስለሚይዘው ነው። ጠጠር ከመነሳቱ በፊት እነዚህን ተነጋገሩ፦ በየጉድጓዱ ስንት ይገባል፣ ዙሩ ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ፣ የመጨረሻው ጠጠር ባዶ ያልሆነ ጉድጓድ ላይ ሲወድቅ ያንን አንስቶ መቀጠል አለ ወይስ ተራ ያልፋል፣ ስንት ሲሞላ ይበላል፣ ብዙ ጠጠር ይዞ ዙር የሚሞላ ሰው የተነሳበትን ጉድጓድ ይዘላል ወይ፣ በመጨረሻ ሰሌዳው ላይ የቀረው የማን ነው። ሦስተኛውና የመጨረሻው ነጥብ ዋነኞቹ የጭቅጭቅ ምንጮች ናቸው። ቤቱ ውስጥ አዛውንት ካሉ በእሳቸው ደንብ ተጫወቱ፤ ክርክሩም ያጥራል፣ ደንቡም አይጠፋም።

እንጨት ፍለጋ አይድከሙ። 30 እንቁላል የሚይዘው የካርቶን ትሪ በአንድ በኩል 5፣ በሌላው 6 ጉድጓድ አለው። ሦስቱን ባለ 6 ረድፍ በአንድ ላይ ቆርጠው ሲያወጡ ባለ 18 ጉድጓዱ ገበጣ ተገኘ፤ የተረፉት ሁለት ረድፎች ባለ 12 ይሆናሉ። በየጉድጓዱ 3 ከሆነ ለትልቁ 54 ፍሬ፣ በየጉድጓዱ 4 ከሆነ ለትንሹ 48 ፍሬ ያስፈልጋል። ካርቶኑ ቀላል ስለሆነ እጅ ሲነካው ይንሸራተታል፤ ጣውላ ላይ በሙጫ ይለጥፉት። ለጠጠርነት ሽምብራ ልክ ነው፤ ባቄላ ትልቅ ስለሆነ ጉድጓዱ ሲበዛበት ለመቁጠር ያስቸግራል። ጥሬውን ይጠቀሙ፤ የተቆላ ከሆነ በጨዋታው መሐል ይበላል። ስንበተን ደግሞ ይቆጠር፤ 54 ገብቶ 53 ከወጣ አንዱ መሬት ላይ ነው ወይም ሆድ ውስጥ።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ውጭ አገር ያለች እህቴ ካታን የሚባል ጨዋታ ላከችልን። እኛ አምስት ነን፣ ደንቡ በእንግሊዝኛ ነው፣ ሁለት ጊዜ ጀምረን ተጣልተን ተውነው።

መልስ፦ የመጀመሪያው ጠብ ከቁጥሩ ሳይሆን አይቀርም። ዋናው ሳጥን ለ3 ወይም ለ4 ሰው ነው፤ ለ5ና ለ6 ለብቻው የሚሸጥ ተጨማሪ ሳጥን አለ። ያለ እሱ አምስተኛ ሰው ቢጨመር በሰሌዳው ላይ ቦታ አይበቃም። ሁለት ሰዎች በአንድ ቀለም አብረው ይጫወቱ፤ ደንቡን የማያውቀውን ከሚያውቀው ጋር አጣምሩት። እየተጫወተ ይማራል።

ከዚያ አቀማመጡ። እያንዳንዱ ሰው መጀመሪያ ሁለት መንደርና ሁለት መንገድ ያስቀምጣል፤ አንደኛው ዙር ከ1 እስከ 4 ሄዶ ሁለተኛው ከ4 ወደ 1 ይመለሳል። ብዙ ሰው ሁለቱንም ጊዜ ከ1 ይጀምርና የመጨረሻው ሰው ሳይጫወት ይሸነፋል። የመነሻ ካርድ የሚሰጠው ለሁለተኛው መንደር ብቻ ነው። በሁለት መንደሮች መሐል ቢያንስ የሁለት መንገድ ርቀት ይኑር።

መንደር ሲመርጡ በአጠገቡ ባሉት የሰሌዳው ቦታዎች ላይ ያለውን ቁጥር ይዩ፤ ካርድ የሚገኘው ዳይሱ ያንን ቁጥር ሲያወጣ ነው። ሁለት ዳይስ ሲወረወር 36 ዓይነት አወጣጥ አለ፤ 6 እና 8 እያንዳንዳቸው በ5ቱ ሲመጡ፣ 2 እና 12 በ1 ብቻ ነው የሚመጡት። 7 በ6ቱ ይመጣል፤ ለዚህ ነው ዘራፊው (7 ሲወጣ የሚንቀሳቀሰው ጠጠር) የማያርፈው። 7 ሲወጣ ከ7 በላይ ካርድ የያዘ ሁሉ ግማሹን ለባንክ ይመልሳል፤ 9 የያዘ 4 ይመልሳል፣ 5 አይደለም። ዳይሱን የወረወረው ደግሞ ዘራፊውን አንቀሳቅሶ እዚያ መንደር ካለው ሰው አንድ ካርድ ሳያይ ይመዛል። «አሁን ነው ያጠራቀምኩት» የሚል ልመና አይሰማም።

ግብይት ተራው ከደረሰው ሰው ጋር ብቻ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ በጎን ካርድ ከተለዋወጡ ያ ስርቆት ነው፤ በእኛ ግምት ሁለተኛው ጠባችሁ እዚህ ላይ ነው።

ቋንቋውን በተመለከተ፣ የዋጋውን ሰንጠረዥ በአማርኛ ገልብጣችሁ ለየሰው አንድ አንድ ወረቀት አድሉ፦ መንገድ 1 ጡብና 1 እንጨት፤ መንደር 1 ጡብ፣ 1 እንጨት፣ 1 ሱፍና 1 እህል፤ ከተማ 3 ማዕድንና 2 እህል፤ የዕድገት ካርድ 1 ማዕድን፣ 1 ሱፍና 1 እህል። መንደር 1 ነጥብ፣ ከተማ 2፤ በራሱ ተራ 10 የደረሰ ያሸንፋል። ለለመዱት ሰዎች አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል፤ ለመጀመሪያው ምሽት እጥፉን ያዙ፣ ሌላ ጨዋታም አትደርቡበት።

ጥያቄ (ከአውቶ ፓርኮ አካባቢ)፦ ቡና ይፈላል፣ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ ከዚያ መብራት ይጠፋል። ጨዋታውና ቤቱ አልተስማሙም።

መልስ፦ ከቄጠማው እንጀምር። በውስጡ የወደቀ ዳይስ ወይም ትንሽ ጠጠር እስኪነጋ አይገኝም። ቄጠማውን በረከቦቱ ዙሪያ ወስኑት፤ ከጨዋታው ጠረጴዛ ሥር ባዶ ወለል ወይም አንሶላ ይሁን። ዳይሱን ደግሞ በትንሽ ሰፌድ ውስጥ ወርውሩት። አይንከባለልም፣ ድምፁም አያደነቁርም፣ «ጠርዝ ላይ ነው የቆመው» የሚል ክርክርም ይቀንሳል።

ቡና የምታፈላዋ ተጫዋች ከሆነች ቆልታና ወቅጣ ትጨርስ፤ ጨዋታው ጀበናው ከተጣደ በኋላ ይጀመር። አለበለዚያ ተራዋ በደረሰ ቁጥር ወይ ቡናው ይገነፍላል ወይ ሰው ይጠብቃል። አቦል እየተጠጣ ደንቡ ይነገር፣ ቶና በጨዋታው መሐል ይምጣ፣ በረካ ሲቀርብ የመጨረሻው ዙር መሆኑን ሁሉም ይወቅ። የዕጣን ማጨሻው ከወረቀት ገንዘቡና ከካርዱ ይራቅ፤ አንዲት የፍም ፍንጣሪ ትበቃለች። ሲኒው ከሰሌዳው ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ይቀመጥ፤ ከፍታው እኩል ከሆነ ክንድ ይገፋዋል። እራት ከጨዋታው በፊት ወይም በኋላ ነው። ወጥ የነካ ጣት ካርዱን አንዴ ካቀባው፣ ያ ካርድ ከጀርባው እየታወቀ ይኖራል።

መብራቱ ከጠፋ ሻማ ጠረጴዛ ላይ አታቁሙ፤ የሰው እጅ ጥላ ይጥላል፣ ሰሙም ይንጠባጠባል። የስልክ መብራት ወደ ላይ አብርታችሁ ክዳኑ በደንብ የተዘጋ፣ ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከላዩ አቁሙበት፤ ብርሃኑ ይሰራጫል። በደብዛዛ ብርሃን ሰማያዊና አረንጓዴ ጠጠር ይምታታሉ፤ ከሁለቱ በአንዱ ላይ አስቀድማችሁ በነጭ ቀለም ነጥብ አድርጉበት።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ በድሮው ሰንጠረዥ (በአገራችን ቼዝ) ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሱ ነበር ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። መክፈቻው ወረራ ይባላል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ፣ ከዚያ ተራ ይጀመራል። ሰሌዳው ጥቁርና ነጭ አልነበረም፤ ጨርቅ ላይ የተሰመረ መስመር ነበር። በ1860 እ.ኤ.አ. ጎንደር አቅራቢያ ቆስሎ የሞተው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን አጨዋወቱን በጽሑፉ ገልጾታል።

ዛሬ በቼዝ ሰሌዳ መሞከር ይቻላል። ንግሥቷ ወደ ጎን አግድም አንድ ቤት ብቻ ትሂድ ብሎ የሚያስተምር አይጠፋም፤ ስህተት ነው፣ በእሷ ቦታ የሚቆመው ፈርዝ በማዕዘን አንድ ቤት ነው የሚሄደው። ጳጳሱ በማዕዘን ሁለት ቤት ይዝለል፤ በመሐል ጠጠር ቢኖርም አያግደውም። ወታደሮቹ መጀመሪያ ላይ ሁለት ቤት አይራመዱም። በወረራው ጊዜ እጅ ለእጅ መጋጨት አይቀርም፤ ለዚህም ረዥም ጥፍር ያለው ሰው ቀድሞ ይቁረጥ።