ስኳሩ የት ገባ? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉም አንድ ብርጭቆ ውኃ ዙሪያ የሚሽከረከሩ ናቸው። ተመካክራችሁ ነው እንዴ?

«ስኳር ትኩስ ሻይ ውስጥ ወዲያው ይሟሟል። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ግን ከታች ይተኛል። ለምን?»

ፍጥነትና መጠን ተደባልቀውብዎታል። ማማሰል ፍጥነቱን ይጨምራል እንጂ የሚሟሟውን መጠን አይጨምርም። ሙቀት ግን ለስኳር ሁለቱንም ይጨምራል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 100 ግራም ውኃ 200 ግራም ገደማ ስኳር ያሟሟል። የራሱን ክብደት እጥፍ! ስለዚህ የእርስዎ ስኳር ያጣው ቦታ ሳይሆን ጊዜ ነው። ያማስሉ፣ ትንሽም ይታገሱ። ጨው ሌላ ጸባይ አለው። በዚያው መጠን ውኃ 36 ግራም ያህል ከገባ በኋላ ውኃው ይጠግባል። ቢያፈሉት እንኳ ወደ 39 ግራም ነው ከፍ የሚለው። ከዚያ በላይ ማማሰል ክንድ ማድከም ነው።

«ዘይት ከውኃ ጋር የማይዋሃደው ቀላል ስለሆነ ነው አይደል?»

አይደለም። ቅለቱ ከላይ ያንሳፍፈዋል እንጂ እንዳይዋሃድ አያደርገውም። አልኮልም ከውኃ ይቀላል፤ ግን ይዋሃዳል። የውኃ ሞለኪውል አንዱ ወገኑ ትንሽ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ትንሽ ኔጋቲቭ ስለሆነ እርስ በርሱ ተሳስቦ ይያያዛል። ዘይት እንዲህ ያለ መያዣ የለውም። ሳሙና የሚያስታርቃቸው አንዱ ጫፉ ውኃ፣ ሌላው ጫፉ ዘይት ስለሚወድ ነው።

«ወተት ውኃ ውስጥ ሲገባ ሟሟ ይባላል? ካልሟሟስ ለምን አይዘቅጥም?»

የምወደው ጥያቄ መጣ። አይባልም። ሁለት ብርጭቆ ውኃ ያዘጋጁ። አንዱ ውስጥ ቁንጥር ጨው፣ ሌላው ውስጥ ሁለት ሦስት ጠብታ ወተት ይጨምሩና ያማስሉ። ክፍሉን አጨልመው የስልክዎን መብራት ከጎን ያብሩባቸው። ጨው ባለበት ብርሃኑ ዱካ ሳይተው ያልፋል። ወተት ባለበት ግን መንገዱ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ እንዲያውም ሰማያዊ ቢጤ ነው። የጨው አዮኖች (ጨው ሲሟሟ የሚለያይባቸው ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች) ብርሃን ለመበተን እጅግ ያንሳሉ። የወተት ፕሮቲንና ስብ ግን በተን ያደርጉታል። ይህ ቲንዳል ኢፌክት ይባላል።

ከ1 እስከ 1000 ናኖሜትር ገደማ የሆኑ ቅንጣቶች እንዲህ ተበትነው ሲኖሩ ኮሎይድ እንላቸዋለን። ስሙን በ1861 ያወጣው ስኮትላንዳዊው ኬሚስት ቶማስ ግራሃም ነው፤ ሙጫ ከሚል የግሪክ ቃል። ቅንጣቶቹ የማይዘቅጡት፣ የውኃ ሞለኪውሎች ያለ ዕረፍት ስለሚገፈትሯቸው ነው። በዚያ ላይ የወተት ፕሮቲን ቅንጣቶች ሁሉም ኔጋቲቭ ስለሆኑ ይገፋፋሉ። ሎሚ ጠብ ሲያደርጉበት አሲዱ ያንን ቻርጅ ያጠፋዋል። ያኔ የሚገፋፋ የለም፤ ተጣብቀው ይጓጉላሉ።

«ለስላሳ ሲሞቅ ጋዙ ለምን ይጠፋል?»

ጋዝ የስኳር ተቃራኒ ነው፤ ውኃው ሲሞቅ የሚሟሟው መጠን ይቀንሳል። ክዳኑን ሲከፍቱ ደግሞ አምቆ የያዘው ግፊት ይለቀዋል። የሞቀውን ጠርሙስ ከልብስዎ አርቀው ይክፈቱ። እኔ ከፍዬበታለሁ።