የእናትሽን ስኒ ሳትለኪ ማተሚያ ቤት እንዳትሄጂ

ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። የእናትሽን ምግቦች በደብተር ሰብስበሻል፣ በጎን ደግሞ ልብወለድ ጀምረሻል። የትኛውን ላስቀድም፣ ምን ላንብብ፣ ማሳተሙስ እንዴት ነው ያልሽው። ሌሎቹ «በርቺ» ብለውሽ አልፈዋል። እኔ ግን የተበላሁበት ጉዳይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ። እናትሽም እንደኔዋ «እንደበቃው ጨምሪ» የምትል ናት ብዬ ልነሳ።

1. የምግቡን አስቀድሚ። ልብወለዱን ብቻሽን መጨረስ ትችያለሽ። ለዚህኛው ግን እናትሽ ጉልበቷ ሳለ ምድጃው አጠገብ መቆም አለባት።

2. ልኬት። እኔን ጉድ ያደረገኝ ይሄ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የእናቴን ምግቦች መጽሐፍ 1,000 ኮፒ አሳተምኩ። ግማሹ ገጽ ባለ ቀለም ነበር። 140 ሺህ ብር ወጣ፤ የዕቁብ ብሬ ከእህቴ ብድር ጋር ተደምሮ። ገጽ 38 ላይ ዶሮ ወጥ አለ። እናቴ «2 ስኒ በርበሬ» አለችኝ፣ እኔም እንደዛው ጻፍኩ። የእሷ ስኒ የቡና ስኒ ነው። ከረፈደ በኋላ ስለካው 75 ሚሊ ሊትር ያዘ። ታይፕ ያደረገው ልጅ ግን ሌላ ገጽ ላይ «ኩባያ» የሚል አይቶ፣ መጽሐፉ አንድ ወጥ እንዲሆንልኝ ብሎ ስኒውን ሁሉ ኩባያ አደረገው። ወጡን ምን እንዳደረገው አልገባውም።

የመጨረሻውን የእርማት ቅጂ ሲሰጡኝ ያየሁት ፊደሉን ብቻ ነው። ሀሌታውን ከሐመሩ ስለይ ሁለት ሌሊት አመሸሁ። ቁጥሩን አላየሁም። ፈረምኩ።

ፋሲካ ደረሰ። በበዓሉ ቀን ስልኬ ጮኸ። (ቁጥሬን የጀርባ ሽፋኑ ላይ አሳትሜው ነበር። እባክሽ አንቺ እንዳታደርጊው።) የደወለው ወንድ ነው። ባለቤቱ አዲስ ሙሽራ ናት። አማቶቿን ጠርታ ከኔ መጽሐፍ ሠርታለች፤ በትልቁ ኩባያ፣ ሁለት ሙሉ። «እትዬ፣ ይሄ ዶሮ ወጥ ነው ወይስ ወፍጮ ቤት?» አለኝ። ከበስተጀርባው አንዲት ሴትዮ ስትስል ይሰማኛል። ሳቄም እንባዬም እኩል መጣ።

ማተሚያ ቤቱ ሄድኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ፈርመሻል አይደል? ማንበብ ያንቺ ሥራ ነው» አለችኝ። ሥራ አስኪያጁን ላነጋግር ብል ስብሰባ ላይ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ስብሰባ ላይ ነበር። በአራተኛው ቀን ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ተቀምጦ አገኘሁት፤ እሱም ያንኑ ደገመልኝ። የሚያናድደኝ ልጅቷ ባለጌ መሆኗ አይደለም፤ ልክ መሆኗ ነው። የፈረምሽበት ቅጂ ላይ ያለው ስህተት ያንቺው ነው። ትንንሽ የእርማት ወረቀት አሳትሜ ከእህቴ ጋር ሦስት ሌሊት በሙጫ ስንለጥፍ አደርን። ቀድመው የተሸጡት 200ዎቹ ግን አመለጡኝ።

አሁን እናቴን «ስንት ነው?» ብዬ አልጠይቃትም። የኩሽና ሚዛን ገዛሁ። ሥራ ከመጀመሯ በፊት የበርበሬውን ጣሳ፣ የቅቤውን ዕቃና የጨውን ብልቃጥ እመዝናለሁ። ከዛ ዝም ብዬ አያታለሁ። ስትጨርስ ደግሜ እመዝናለሁ። የጎደለው ልኬቷ ነው። መጀመሪያ ቀን «በርበሬ ልሰርቅሽ ነው እንዴ?» ብላ ተቆጥታኛለች። አንዱን ምግብ ሦስት ቀን አሠራትና መካከለኛውን ቁጥር እወስዳለሁ። ሰዓትም እይዛለሁ። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ስታቁላላ «ትንሽ ነው» የምትለው ነገር 50 ደቂቃ ሆኖ ተገኘ።

ከዛ ወጥ ሠርታ ለማታውቅ ልጅ ወረቀቱን ብቻ እሰጣታለሁ። አፌን ይዤ አጠገቧ እቆማለሁ። ግራ ገብቷት ዞር ብላ ያየችኝ ቦታ ላይ ሁሉ ምልክት አደርጋለሁ። እዛ ጋ የጻፍኩት አልበቃም ማለት ነው። የሽሮውን ገጽ እንዲህ አምስቴ ጻፍኩት። ዛሬ ማንም አምጥተሽ አሠሪበት፣ አይበላሽም።

3. ውጭ አገር ያሉትን አትርሺ ልልሽ ነበር፤ ግን እሱም ያው ልኬት ነው። የአክስቴ ልጅ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። እኔ በጻፍኩት ሰዓት የቀቀለችው ክክ ገንፎ ሆነባት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እነሱ ጋ 100 ገደማ ነው። ለዚህ ነው ክክ እኛ ጋ የሚቆየው። ሽንኩርቱም እንደዛው፤ የእነሱ አንድ ራስ የእኛን ሦስት ያህላል። «5 ራስ ሽንኩርት» አትበይ፣ በግራም ጻፊ።

ምን ላንብብ ላልሽው፣ ሁለት ብቻ። የሼፍ ዮሐንስ ገብረኢየሱስ «ኢትዮጵያ» በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካኖቹን የጄምስ ቤርድ ሽልማት ወስዷል። ከምግቡ ጋር ባህሉን እንዴት እንደሚያስገባ እይለት። ለልብወለድሽ ደግሞ የመዓዛ መንግሥቴ «ዘ ሻዶው ኪንግ»፤ በዛው ዓመት ለቡከር ሽልማት ከታጩት የመጨረሻዎቹ ስድስት አንዱ ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ስለዘመቱ ሴቶች ነው። ደራሲዋ የገዛ ቅድመ አያቷ የአባቷ ጠመንጃ ለኔ ይገባል ብላ እሱኑ ከሳ እንደዘመተች ከእናቷ የሰማችው መጽሐፉን እየጻፈች ሳለች ነው። ይሄን ሳነብ ደነገጥኩ። እኔም የእናቴን ልኬት ስመዝን ስልኬን ድምፅ እንዲቀዳ ከፍቼ መተው ጀመርኩ። አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጠች ስለ መጀመሪያ እጮኛዋ አወራች። አባቴ ያልሆነ እጮኛ! ሁለተኛው መጽሐፌ፣ ልብወለዱ፣ ከዛች ከሰዓት ነው የወጣው። ስለዚህ «የትኛውን ላስቀድም» የሚለው ብዙም አያስጨንቅሽ።

4. ሕትመቱን ቶሎ ልለፈው። ማተሚያ ቤት በ16 በ16 ገጽ ስለሚቆጥር ገጽሽን በ16 የሚካፈል አድርጊው፤ የኔ 130 ገጽ ነበር፣ የ144 ነው የከፈልኩት። የመጽሐፍ መለያ ቁጥሩን (አይ.ኤስ.ቢ.ኤን) ከወመዘክር፣ ከብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ታወጫለሽ። አከፋፋይ 40 በመቶ ጠየቀኝ፣ እሺ አልኩ፣ 300 ኮፒ በአደራ ወሰደ። በስድስተኛው ወር ስሄድ ሱቁ የጫማ መሸጫ ሆኗል። የፈረመበት ወረቀት እንኳ የለኝም። እኔ ስፈርም ተፈረደብኝ፣ ሌላው ሳይፈርም በላኝ። የተረፈውን ራሴ ተሸክሜ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ለመጽሐፍ አዟሪዎች በእጅ በእጅ ሸጥኩ። እነሱ ቆጥረው ይሰጡሻል፣ እውነቱን ለመናገር።

ቴሌግራም ላይ መጽሐፌ በፒዲኤፍ ሲዞር አገኘሁት። ይሄ እንኳ የሁሉም ደራሲ ዕጣ ነው። ግን ሰውየው ስካን ያደረገው ከቀድሞዎቹ 200 አንዱን ነው፤ ገጽ 38 ላይ እርማት የለውም። አሁንም በየበዓሉ ይደወልልኛል። በነጻ አውርደው፣ አማት አቃጥለው፣ እኔን ይሰድባሉ።

በይ አሁን ተነሺና የእናትሽን ስኒ ውሃ ሙይው፣ ለኪው፣ ስንት ሚሊ ሊትር እንደያዘ እዚሁ ጻፊልኝ።