«ካሳ ካላችሁ ውሻውን ውሰዱት» ላለ ጎረቤት ሕጉ ምን ይላል?

ጥያቄ፦ የጎንደር ማራኪ ነዋሪ ነኝ። ጎረቤታችን ሁለት ትልልቅ ውሾች አሉት፤ ማታ ማታ በሩን ከፍቶ ይለቃቸዋል። ከአምስት ቀን በፊት የ11 ዓመት ልጄን ለቅዳሴ ሲወጣ ጎሕ ሳይቀድ አንደኛው ባቱን ነከሰው። ባለቤቱ መጀመሪያ «ሰንሰለት በጥሶ አምልጦኝ ነው» አለ፤ ሽማግሌ ስልክበት ደግሞ «ካሳ ካላችሁ ውሻውን ውሰዱት» ብሎ መለሰ። የሰፈሩ ሰው መርዝ እንጣልለት ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጠያቂያችን ሆይ፣ ልጅዎ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ካልጀመረ ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት፤ ጠበሉን ቢያስጠምቁትም ክትባቱ አይቅርበት። መርዙን ግን ይከልክሉ። የነከሰ ውሻ ታስሮ ለ10 ቀን ጤንነቱ መታየት አለበትና ከሞተ ሐኪሙም እርስዎም የምትመለከቱት አይኖርም፤ በዚያ ላይ ከሳሽ የነበሩት ተከሳሽ ሊሆኑ ይችላሉ።

ወደ ሕጉ ስንመለስ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ሲደነግግ፣ እንስሳው በድንገት ያመለጠ ቢሆንም ወይም ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም ከኃላፊነት እንደማያድነው ጨምሮ ይናገራል። ስለዚህ «አምልጦኝ ነው» የሚለው ቃል መከላከያ አይሆንለትም፤ ይልቁንም ውሻው የራሱ መሆኑን ያመነበት ቃል ስለሆነ አብሮዎት የሰማ ሰው ካለ በምስክርነት ይያዙት።

«ውሰዱት» ያለው ግን ከሜዳ ያነሣው አይደለም፤ ጎረቤትዎ ሳይመክር የተናገረ አይመስለኝም። ቁጥር 2073 የቤት እንስሳ ባለቤት እንስሳውን ለተጎጂው በመልቀቅ ከኃላፊነት ሊወጣ እንደሚችል ይፈቅዳል። ሆኖም ይህ በር የሚዘጋው ጉዳቱ በባለቤቱ ወይም እሱ በሚጠየቅለት ሰው ጥፋት የደረሰ እንደሆነ ነው። እንግዲህ የክርክሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው፦ ውሾቹን ማታ ማታ አውቆ እንደሚለቃቸው ማስረዳት ከቻሉ ውሻውን አስረክቦ ካሳውን ሊያስቀር አይችልም። የሰፈር ጥበቃው፣ በዚያ ሰዓት ነጠላቸውን አጣፍተው ለቅዳሴ የሚያልፉ እናቶች፣ ክፍት በሩን በስልክ ያነሣ ጎረምሳ ሁሉ ለዚህ ይጠቅማሉ። ልጁ ውሻውን ተንኩሶት ነበር ቢል፣ የተጎጂው ጥፋት ኃላፊነቱን ሊቀንስ ስለሚችል እሱ ያስረዳ።

የሕክምና፣ የመድኃኒትና የትራንስፖርት ደረሰኝ ሁሉ ይቀመጥ፤ ልጁን ይዘው ሲመላለሱ የቀረብዎት የቀን ገቢም ይቆጠር። የሞራል ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ቁጥር 2116 ስለሚገድብ፣ ያ ገንዘብ የዛሬን ድንጋጤ እንደማይክስ ባውቅም፣ ዋናው ጥያቄዎ በደረሰኝ ላይ ይቁም። ልጁ አካለ መጠን ስላላደረሰ ክሱን በስሙ ያቀርባሉ፤ ጊዜው ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ነው።

የወንጀሉ መንገድ ለብቻው ነው። በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 559 ያስጠይቃልና፣ የሐኪም ማስረጃውን ይዘው ለፖሊስ አቤቱታ ያቅርቡ፤ በዚያው ፖሊስ ውሻው እስከ 10ኛው ቀን ታስሮ እንዲቆይ ባለቤቱን እንዲያዝዝልዎ ይጠይቁ።