መልስ፦ በወታደር ቤተሰብ ውስጥ ስለ ማመስገን
ውድ ጠያቂ፣ ባለቤትዎ ለግዳጅ ከሄዱ ወዲህ ሰዎች «አመስግኚ» ሲሉዎት ቅር እንደሚልዎት ገልጸው፣ ምስጋናና ቅሬታ አብረው ሊኖሩ ይችሉ እንደሆነ ጠይቀዋል። በወታደር ቤት እንዳደገ ሰው፣ ይችላሉ እላለሁ። አባቴ በተዛወረ ቁጥር ዕቃ የምንሸክፈው፣ ትምህርት ቤት የምንቀይረው እኛ ነበርን፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግነው፣ ስልክ ባልተጠበቀ ሰዓት ሲጮህ ፊቷን ሳትለውጥ የቤት ሥራችንን ማየት የምትቀጥለውን እናቴን ነው። የእርሱ አገልግሎት በማዕረግ ይታወቅ ነበር፤ የእርሷን ድካም ግን (እስካሁን ይከነክነኛል) የሚመዘግብ አልነበረም። ስለዚህ ቅሬታዎን እንደ ነውር አይቁጠሩት። ይልቁንም ባለቤትዎ ሲመለሱ፣ ልጆቹ እርሳቸው በሌሉበት የለመዱትን የቤት ሥርዓት በአንድ ቀን ለመለወጥ እንዳይቸኩሉ አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት፤ እኛን ከመለያየቱ ይበልጥ የፈተነን መልሶ መላመዱ ነበር።