ጨርቁ በሳህን ውስጥ፣ ቁስሉ በሌላ ቦታ

ውድ ልጆቼ፣

ኬሚስትሪ የምታጠና አንዲት ልጅ በቅርቡ «ሰውየው ከዳነ መድኃኒቱ ሠራ ማለት አይደለም እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። «አይደለም» አልኳትና አለፍኩ። ጥያቄዋ ከዚያ የተሻለ መልስ ይገባው ስለነበር ነገሩ ሲቆጨኝ ሰነበተ። ይህን የምጽፈው ለእሷ ነው፤ እናንተም አንብቡት። መልሴ የሚያልፈው ቁስልን ከሩቅ ያድናል በተባለ ዱቄትና በባለቤቱ በኬኔልም ዲግቢ ታሪክ በኩል ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኬኔልም ዲግቢ በ1603 እንግሊዝ አገር ተወለደ። ሦስት ዓመት ሳይሞላው አባቱ በሞት ተቀጣ፤ ጥፋቱ ንጉሥ ጄምስን ከነፓርላማው በባሩድ ለማጥፋት በተጠነሰሰው ሴራ መግባቱ ነበር። ልጁ ግን በ1623 ከዚያው ከንጉሥ ጄምስ እጅ የ«ሰር» ማዕረግ ተቀበለ። ይህን ያህል ርቀት በምን እንደተሻገረ ማወቅ የሚፈልግ የሕይወት ታሪኩን ያንብብ። በ1628 የራሱን መርከቦች ይዞ ዛሬ ቱርክ ውስጥ እስካለው እስክንድሮን ወደብ ዘልቆ መዋጋቱንም እዚያው ታገኙታላችሁ። እኔን የሚይዘኝ ዱቄቱ ነው።

ነገሩን ዲግቢ ራሱ ፈረንሳይ አገር ሞንፔልዬ ከተማ ለተሰበሰቡ ምሁራን ተናገረው፤ ንግግሩም በ1658 ታተመ። ጄምስ ሃውል የተባለ ወዳጁ በጎራዴ የሚፋለሙ ሁለት ጓደኞቹን ሊገላግል ገብቶ እጁ ክፉኛ ቆሰለ። ሐኪሞች ቅባትና ልጥፍ እየቀያየሩ አከሙት፤ ሕመሙ ባሰ፣ ሥጋው እንዳይበሰብስም ተሰጋ። ሃውል ወደ ዲግቢ መጣ። ዲግቢ ደሙ ያለበት ጨርቅ ስጡኝ አለ፤ መጀመሪያ እጁ የታሰረበት የካልሲ ማሰሪያ መጣለት። ሳህን ውኃ አስመጣ፣ አንድ እፍኝ ቪትሪዮል የተባለ የብረት ጨው ዱቄት አሟሟበት፣ ጨርቁን ነከረው። ሃውል በክፍሉ ጥግ ከሌላ ሰው ጋር እያወራ ነበር፤ የሚደረገውን አላየም። በድንገት ደንገጥ አለና «ሕመሙ ለቀቀኝ፤ እርጥብ ጨርቅ የተደረገብኝ ያህል ቀዘቀዘኝ» አለ። ያን ጊዜ ዲግቢ «እንግዲያው ልጥፉን ሁሉ ጣል፤ ቁስሉን በንጽሕና ያዝ፤ ብርድም ሙቀትም አይብዛበት» አለው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ቁልፉ ያለው በዚህ ምክር ውስጥ ነው።

ከምሳ በኋላ ዲግቢ ጨርቁን ከውኃው አወጣና ትልቅ እሳት ፊት አደረቀው። ጨርቁ ገና ሳይደርቅ የሃውል አገልጋይ እየሮጠ ደረሰ፤ የጌታው ቁስል እንደገና እያቃጠለው ነው። ዲግቢ «ሂድ፣ ሳትደርስ ይሻለዋል» ብሎ ጨርቁን መልሶ ነከረው። ሃውልም ተሻለው። በአምስት ወይም ስድስት ቀን ቁስሉ ጠገገ።

ዱቄቱ አስማት የለበትም። ቪትሪዮል የምንለው አረንጓዴው የብረት ሰልፌት ነው። በውኃ ይሟሟል፣ ይጣራል፣ ውኃው በዝግታ ሲተንንለት ክሪስታል ይሠራል። ክሪስታሉን ብዙ ቀን በጋለ ፀሐይ ሲያሰጡት አረንጓዴው ይጠፋና ነጭ ዱቄት ይሆናል። ምክንያቱም ከክሪስታሉ ክብደት 45 በመቶ ገደማ የሚሆነው ውኃ ነው፤ ፀሐይ አብዛኛውን ታባርረዋለች። አየሩ እርጥብ ከሆነ ሥራው ይበላሻል፤ ብረቱ ከኦክስጅን ጋር ይዋሃድና ዱቄቱ ወደ ቢጫና ቡናማ ይሄዳል። የበጋ ፀሐይ የተመረጠው ለዚህም ጭምር ይመስለኛል።

ዲግቢ ይህን ተአምር ነው አላለም፤ ይህን ጠባዩን እወድለታለሁ። እንደ እሱ አባባል ብርሃን ከጨርቁ ላይ የደሙንና የቪትሪዮሉን ጥቃቅን አቶሞች ያስነሳል፣ አየር ይሸከማቸዋል። የጋለው ቁስል ትኩስ እንፋሎት እያወጣ በምትኩ አየር ወደ ራሱ ይስባል፤ የደሙ አቶሞች ወደ መጡበት ሲመለሱ ቪትሪዮሉን አስከትለው ይገባሉ። የሚያምር ማብራሪያ ነው፤ ስህተትም ነው።

ቁስሉን ያዳነው ምንድን ነው? ሃውል በአንድ ቀን ሁለት ነገር ተለወጠለት። ጨርቁ ሳህን ውስጥ ገባ፤ ልጥፉም ከእጁ ላይ ወረደ። በዚያ ዘመን ቁስል ላይ የሚቀባው ቅባት ንጽሕና አልነበረውም፤ ልጥፉ በተቀየረ ቁጥርም ለመዳን የጀመረው ሥጋ ይላጥ ነበር። ይህ ሁሉ ሲቀርለት ሰውነት የራሱን ሥራ ሠራ። ዲግቢ ትክክለኛውን መድኃኒት በአፉ ተናግሮ ምስጋናውን ለሳህኑ ሰጠ።

ጨርቁን ከውኃ አውጥቶ ማየቱ ግን የእውነተኛ መርማሪ ሥራ ነው። መድኃኒቱ ሲነሳ ሕመሙ ይመለሳል ወይ? ብሎ ጠይቋል። የጎደለው ሁለተኛ ሳህን ነው፤ ውኃ ብቻ ያለበት። አንድ ታማሚ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ አገልጋይ አይበቃም፤ የቁስል ሕመም በራሱም ይመጣል ይሄዳል። ዲግቢ እንደሚለው ነገሩ የሆነው በንጉሥ ጄምስ ዘመን ነው፤ ንጉሡ በ1625 ስለሞተ ታሪኩ የተነገረው ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ተራኪውም ባለጉዳዩ ራሱ ነው። ታሪክ ሲያምር ጥርጣሬያችሁን ጨምሩ። ይህን ብዬ ደግሞ፣ ዲግቢ እንዲህ ከነዝርዝሩ አሳምሮ ባይነግረን ኖሮ ዛሬ ስህተቱን ማግኘት አንችልም ነበር፤ ስለዚህ ማማሩንም አልጠላውም።

እናንተ ልጆች «ሰባት ቀን ጠጥቼ ዳንኩ» የሚል ቪዲዮ ስታዩ ለዘመድ አዝማድ ለመላክ ትቸኩላላችሁ። ሰውየው በዚያው ሳምንት ምን ተወ፣ ምን ቀየረ የሚል ጥያቄ በአስተያየቶቹ ውስጥ ብዙም አላይም።

ዲግቢ በሌላው ሥራው ጥንቁቅ ነበር። ከሞተ በኋላ በ1669 የታተመው የምግብና የመጠጥ አዘገጃጀቱ በማር መጠጦች የተሞላ ነው፤ ጠጅ ጣይ ሁሉ ሊያየው ይገባል። ጌሾ የለውም፤ ሮዝመሪ፣ ጦስኝ፣ ዝንጅብል ይገባበታል። የማሩ መጠን የሚለካው ደግሞ በእንቁላል ነው። በቅርቡ የተጣለ እንቁላል ብርዙ ውስጥ ይገባል። ከሰመጠ ማር ይጨመራል፤ ተንሳፍፎ የአንዲት ትንሽ ሳንቲም ስፋት ያህል ብቻ ብቅ ካለ በቂ ነው። ማር ሲበዛ ፈሳሹ ይከብዳልና እንቁላሉ ይነሳል። ይኼ ትክክለኛ መለኪያ ነው፤ ማንም፣ የትም ቢደግመው ያው ነው።

በ1633 ግንቦት ሚስቱ ቬኔሺያ አልጋዋ ላይ ሞታ ተገኘች፤ ሠዓሊው ቫን ዳይክ አስከሬኗን ሳለው። ዲግቢ ጥቁር ካባ ለብሶ፣ ጢሙን አሳድጎ ለንደን ግሬሻም ኮሌጅ ገባና ራሱን ከምድጃና ከብልቃጥ ጋር ዘጋ። በ1661 በዚያው ግሬሻም፣ በኋላ ሮያል ሶሳይቲ ለተባለው የሳይንስ ሊቃውንት ጉባኤ ስለ ዕፅዋት አበቃቀል ጥናት አነበበ፤ ዕፅዋት ከአየር የሚወስዱት ለሕይወት የሚሆን ነገር አለ ብሎ። ስለ አየርና ስለ ተክል ያሰበው ስለ አየርና ስለ ቁስል ካሰበው ብዙም አይርቅም፤ በአንዱ ወደ እውነት ተጠጋ፣ በሌላው ሳተ።

ስለዚህ ልጄ፣ ለጥያቄሽ መልሴ ይኸው። ሳህኑን ሁለት አድርጊው፤ በአንዱ ዱቄት፣ በሌላው ውኃ ብቻ። የቱ የማን እንደሆነ ታማሚዎቹም፣ ቁስሉን የሚያየው ሰውም አይወቁ። ቁስሎቹ በሙሉ እኩል ይታጠቡ፣ በንጹሕ ጨርቅም ይሸፈኑ፤ ማንም ላይ ቅባት አይደረግ። ታማሚዎቹ ብዙ ይሁኑ፤ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት የቁስሉን ስፋት ለክተሽ ጻፊ። ከዚያ የዳኑትን ቁጠሪ፤ ከሁለቱም ሳህን።