መልስ፦ ከባንክ ካወጣሁት የኳርተር (የአሜሪካ 25 ሳንት) ሮል፣ ማለትም በወረቀት ከተጠቀለለው ሳንቲም፣ ጥራት ያለውን እንዴት ልለይ?

10 ሮል ፈትቼ ሁሉም ተመሳሳይ ሆነብኝ ያልከው አመተ ምህረቱን ብቻ እያየህ ስለሆነ ነው። መጀመሪያ ሳንቲሙ ላይ ያለውን የፕሬዝዳንት ዋሽንግተንን ጉንጭ እና አንገት እይ፣ ቦታው ሰፊና ልሙጥ ስለሆነ ሳንቲሞቹ ሲጋጩ ጭረቱ እዛ ላይ ነው ቶሎ የሚታየው። አንድ መብራት ስር ጠርዙን ይዘህ ቀስ እያልክ አዘንብለው፣ ብርሃኑ ሳይቆራረጥ ዙሪያውን ከዞረ አዲስ ነው፣ ጉንጩ ላይ ሲደርስ ከደበዘዘ ብዙ እጅ ነክቶታል፣ ወደ ባንክ መልሰው።

ከዛ ፀጉሩ የታሰረበት ጋር ያለችውን ትንሽ ፊደል እይ፣ ሳንቲሙ የት እንደተመታ የምትነግርህ እሷ ናት፣ ፒ (P፣ ፊላደልፊያ) እና ዲ (D፣ ዴንቨር) ሞልቷል፣ ደብሊዩ (W፣ ዌስት ፖይንት) ካገኘህ ግን እንዳትለቀው። የ2019 እና የ2020 ነው፣ ከያንዳንዱ ዲዛይን 2 ሚሊዮን ብቻ ነው የተመታው። የ2020ው ላይ ደግሞ ቪ75 (V75) የምትል የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ 75ኛ ዓመት ምልክት አለች፣ አጉሊ መነፅር ቢኖርህ ጥሩ ነው (የኔ አይን ያለሱ አይሰራም)።

ብቻ አደራ እንዳታጥበው። እኔ የመጀመሪያዋን ደብሊዩ ሳገኝ ጥቁር ነገር ነበረባት፣ በጥርስ ሳሙና ፈተግኳትና እንደ መስታወት አበራች፣ ሳንቲም የሚገዛ ሰውዬ ጋ ስወስዳት አንዴ አይቶ "ይቺ እኮ 25 ሳንት ናት" ብሎ መለሰልኝ።