ፍሉኦክሰቲን እየወሰዱ ማርገዝ

እህቴ፣ «ለድብርት 20 ሚሊግራም ፍሉኦክሰቲን እየወሰድኩ አረገዝኩ፤ ዛሬውኑ ላቁመው?» ብለሻል። በራስሽ አታቁሚ። ጎረቤት «ልጁን ያበላሽብሻል» ማለቱ አይቀርም፤ ግን መድኃኒቱ ከሰውነት ተጠርጎ ለመውጣት ሳምንታት ይፈጃል፤ ዛሬ ብትተዪው ፅንሱ ነገ ነፃ አይሆንም። ያገረሸ ድብርት ግን እንቅልፍና ምግብ ይነሳሻል፣ የእርግዝና ክትትሉንም ያስጥልሻል። የመድኃኒቱን ካርቶን ይዘሽ በዚሁ ሳምንት ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አእምሮ ሕክምና ክፍል ሂጂ። የምትወስጂው ሌላው የድብርት መድኃኒት፣ ፓሮክሰቲን፣ ቢሆን ኖሮ፣ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ከልብ አፈጣጠር ችግር ጋር ስለሚያያዝ ሐኪሙ ሊቀይረው ይችል ነበር። ፎሊክ አሲድ በቀን 400 ማይክሮግራም ጀምሪ። ለአዋላጇም ንገሪያት፦ እናቱ ፍሉኦክሰቲን ስትወስድ የቆየች ሕፃን አንዳንዴ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይንቀጠቀጣል፣ ጡት መጥባት ይከብደዋል። ብዙውን ጊዜ በራሱ ያልፋል፤ ቢሆንም ወልደሽ ወዲያው ወደ ቤት አትቸኩዪ። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ድንገተኛ ክፍል ግቢ።